ግማሽ ወረቀት

ዜማ ጆንያውን ዘርግፋ በሱቁ ሲሚንቶ ላይ ተንበርክካለች። ወረቀት ታነሣለች፣ ስም ታነባለች፣ ትጥላለች፣ ሌላ ታነሣለች። ባለሱቁ አብዱልዋሂድ መጀመሪያ ያበደች መስሎት ነበር። ነገሩን ሲሰማ ግን ሚዛኑን ትቶ ግንባሩን ያዘ።

«ሁለቱን ጆንያ ጨርሻለሁ እኮ እህቴ» አላት። «የቀረኝ ይኸና ካርቶኑ ላይ ያለው ነው። ትናንት ደግሞ ገበያ ነበር።»

የወረዳው መሬት አስተዳደር መዝገብ ጸሐፊ እሷ ናት። የአንድ ቀበሌ ገበሬ ሁሉ የማሳ ድንበር ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር ስታስገባ ሰባት ወር ዓይኗ ቀልቷል። ሲያልቅም «ሙሉ በሙሉ ገብቷል» ብላ ፈረመች። ኃላፊዋ አቶ አለበል ያንን ፊርማ ይዘው ኮሚቴ ሰበሰቡ፣ ቃለ ጉባኤ አስያዙ፣ የአይጥ መራቢያ ነው ያሉትን ወረቀት ለስኳር መጠቅለያ አሸጡት። ከእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይባል የለ።

ሰኞ ዕለት፣ በሚሌኒየሙ ዓመት የመጣው ያ የቢሮው ኩራት፣ ኮምፒውተሩ፣ አልነሣም አለ። ከደብረ ማርቆስ የተጠራው ባለሙያ አንሙት ሲዲውን በእጁ እንደያዘ፣ ሁሉንም አጥፍቶ እንደ አዲስ ሊጭነው መሆኑን ነገራት። የሚፈለግ ነገር ካለ የት እንዳስቀመጠችውም ጠየቃት። ዜማ የሥልጠና ደብተሯን እንደ ዳዊት በቃሏ ታውቀዋለች። ሶፍትዌር ሁለት ዓይነት ነው። ሲስተም ሶፍትዌር ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ነው፣ እንደ ዊንዶውስ። አፕሊኬሽን ሶፍትዌር ደግሞ ሰው ሥራውን የሚሠራበት ነው፣ እሷ መዝገቡን እንደጻፈችበት እንደ አክሰስ። ፈተናውን አንደኛ ወጥታ ነው ያለፈችው። ስለዚህ ሳታመነታ መለሰች።

«አክሰስ ውስጥ ነው ያለው።»

«እሱማ ምን ችግር አለው፣ አክሰስን መልሼ እጭንልሻለሁ።»

ቃሉንም ጠበቀ። ዊንዶውስን ጫነ፣ አክሰስን ጫነ፣ ማሽኑ ሙሽራ መሰለ። ዜማ ስትከፍተው አንድም ገበሬ የለም። ሁለቱ ዓይነት ከሲዲው ተመልሰው መጥተዋል። ገበሬዎቹ ተናግረው እሷ የጻፈችው ድንበር ግን በየትኛውም ሲዲ ላይ አልነበረም፤ ይህን ሦስተኛ ነገር፣ መረጃውን ራሱን፣ ደብተሯ ላይ ማንም አላስጻፋትም። አንሙት ፊቱ አመድ መስሎ ሁለት ቀን ሙሉ የጠፋውን ለመመለስ ታገለ። አልሆነም።

ወረቀቱ ሁሉ ያስፈልጋታል። አንዱ ግን ለነገ አያድርም። ወለተ ሰንበት የሚባሉ ባላቸው የሞቱባቸው አሮጊት አሉ። የባላቸው ወንድም እርሻ በመጣ ቁጥር ድንበራቸውን እየገፋ ጓሯቸው ደፍ ላይ ደርሷል። ነገ ጠዋት ፍርድ ቤት ይቀርባሉ፤ ዳኛው የጠየቋቸውም ድንበራቸው የተጻፈበትን የመዝገብ ቅጂ ብቻ ነው። ምልክቱን ያሳዩት ሽማግሌዎች ዐርፈዋል። ባለፈው ወር መጥተው ሲጠይቋት ዜማ «ማሽን ውስጥ ገብቷል፣ ከእንግዲህ አይጥም እሳትም አይነካው» ብላ በኩራት ሸኝታቸው ነበር። ያን አፏን ባስታወሰች ቁጥር መሬት ተሰንጥቆ ቢውጣት ትወዳለች።

በሩ ላይ ጥላ ወደቀ። ቀና ስትል እሳቸው ናቸው፣ አቧራ ለብሰው፣ በዘንግ ተደግፈው። የቢሮው ጥበቃ ሱቅ ናት ብሎ ልኳቸዋል።

«ዜማ ልጄ፣ ወረቀቴ ወጣልኝ ወይ?»

«ይቀመጡ እማማ፣ እየፈለግሁት ነው» አለች።

አንዲት ሴት ስኳር አዘዘች። አብዱልዋሂድ ሥራ ሲፈታ ወረቀቱን ለሁለት ለሁለት ቀዶ ካርቶን ላይ ይከምራል፤ ሙሉው ለሩብ ኪሎ ይተልቃል። እጁ እንደ ልማዱ ከካርቶኑ አንዱን አነሣ፣ ጠቅልሎ ሊሞላም አዘጋጀ፣ ከዚያ ዘርግቶ ቆመ።

«ወለተ ሰንበት አላልሽኝም?»

ዜማ ከእጁ ነጠቀችው። የታችኛው ግማሽ ነው። ስሙ አለ፣ ቀኑ አለ፣ በሰማያዊ ቀለም የታተመ የአውራ ጣት አሻራ አለ። በሰሜን የማን፣ በምሥራቅ የማን፣ የሚለው ድንበሩ ግን ያለው በላይኛው ግማሽ ላይ ነው። ካርቶኑን ገለበጠችው። አንድ በአንድ አየችው፣ ደግማ አየችው።

«የላይኛው ግማሽ ከላይ ስለሚሆን አስቀድሜ ነው የማነሣው» አለ አብዱልዋሂድ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ትናንት ወጥቶ ይሆናል። የሉማሜ ሰው ይውሰደው የደብረ ወርቅ፣ በምን ዐውቄ።»

እማማ ወለተ ሰንበት ተነሥተው መጡ። ፊደል አልቆጠሩም። አሻራውን ግን ጎንበስ ብለው አዩት፤ መካከሉን ነጭ መስመር ሰንጥቆታል። አውራ ጣታቸውን አጠገቡ አደረጉት። ማጭድ የቆረጠው የድሮ ጠባሳ በዚያው ቦታ አለ።

«ይኸማ የኔ ጣት ነው» አሉ፣ ፊታቸው በራ። «አለልኝ ማለት ነዋ። ተመስገን። እንግዲህ ማን ይገፋኛል።»

ዜማ ልትነግራቸው አፏን ከፈተች። አልቅሳ እንኳ ብትነግራቸው በወደደች። አሮጊቷ ወረቀቱን ሳሙት፣ አራት አጠፉት፣ በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት። ቋጠሮው እንዳይፈታም በጥርሳቸው ነክሰው አጠበቁት።