የቢራን ክታብ

ከንጎር መንደር ፊት ለፊት የሰመጠው መርከብ ያለበት ውሃ ጥልቅ አይደለም፤ ጎበዝ ዋናተኛ ከዳካር ዳርቻ ተነስቶ ይደርስበታል። ድሮ ከዓሣው ይልቅ ቱሪስቱ ይርመሰመስበት ነበር። ቢራን እዚያ ጠልቆ ሬሳው እንኳ ሳይገኝ ከቀረ ወዲህ ግን ማንም ዝር አላለበትም።

ዛሬ ሚስቱ ኮዱ ልትወርድበት ነው። መጥለቅ ያስተማራት እሱ ራሱ ነበር። የሚያወርዳት ደግሞ የቢራን ታናሽ ወንድም ፓቴ ነው፤ ያን ቀን ከቢራን ጋር ጠልቆ «ተጠፋፋን» ብሎ ብቻውን የወጣው። የቢራን ጀልባ ለፓቴ ሆኗል። ቤተ ዘመዱ ኮዱንም ለእሱ ሊድራት ቆርጧል።

«የወንድሜን ነገር አግኝቻለሁ፤ መጥተሽ እዪ እትዬ» ሲላት እምቢ ማለት አልቻለችም። ፓቴ ያን ቀን ያየውን ካላወቀች እንቅልፍ የላትም። ቢላዋዋን ባቷ ላይ አሰረች።

ሞተሩን የሚዘውሩት አባባ ንጃጋ እንደ ልማዳቸው ለባሕሩ መንፈስ እርጎ አፈሰሱ።

«ያን ቀን አንቺ ብትኖሪ አይጠልቅም ነበር። የሚሰማው አንቺን ብቻ ነው» አሏት።

«ምን ላድርግ አባባ? ቲዬስ ከተማ እህቴን ላስታምም ሄጄ!»

ፓቴ ቀና ብሎ ሳያያት የጀርባዋን የአየር ጋን አጠበቀላት። አኳኋኑ አስፈራት።

ወረዱ። ውሃው ድፍርስ ነው። ፓቴ እጇን ጭምቅ አድርጎ ይዞ በዛገው ቀዳዳ አሾለካት። ከሞተሩ ክፍል ጀርባ አንዲት ጠባብ ክፍል አስገባትና በሩ ላይ ተገተረ። ሌላ መውጫ የለም። የገዛ ትንፋሿ ጆሮዋን አደነቆራት። እጇ ወደ ቢላዋዋ ሄደ።

ፓቴ በባትሪው ግድግዳውን አበራ። አንድ ክታብ ተንጠልጥሏል፤ ቀይ ቆዳ፣ ጥቁር ክር። ቢራን ከወገቡ አይለየውም ነበር። ልቧ ቀጥ አለ። ተጠግታ አየችውና ትከሻዋ ረገብ አለ። ክታቡን ፈትታ ያዘች፤ ፓቴም ከበሩ ዘወር አለላት።

ጀልባው ላይ አባባ ንጃጋ ክታቡን ተቀብለው አገላበጡት።

«እስቲ ደህና አድርገሽ እዪው ልጄ። የሱ ነው?»

«አይደለም!» አለች ኮዱ፤ እፎይታው ምላሷን ፈታው። «ቆዳው ይመስላል እንጂ የቢራን ማሰሪያ አረንጓዴ የመረብ ገመድ ነው። ይሄ ልጅ እኮ እያታለለን ነው! ወንድሙን በላ፣ አሁን ደግሞ እኔን ሊጨምር!»

አባባ ንጃጋ ሞተሩን አጠፉ።

«አረንጓዴውን ያሰርኩለት እኔ ነኝ» አሉ፤ «ጥቁሩ ክር ተበጥሶበት፣ እዚችው ጀልባ ላይ፣ አንቺ ቲዬስ ነበርኩ ባልሽበት ዕለት፣ ሊጠልቅ ሲል።»