ለእንሽላሊት የተሠራ ቤት

መምህርቷ የልጅቷ ክንድ ላይ የተጠመጠመውን እባብ ስታይ ባለችበት ቆመች። ልጅቷ እጇን የሰደደችው ተማሪዎቹ ራሳቸው በትምህርት ቤቱ ጓሮ ለእንሽላሊት ቤት ይሁን ብለው ወደ ከመሩት ድንጋይ ውስጥ ነበር። ሣሩ አይታጨድ፣ ልጆቹ ፍጥረትን በዓይናቸው አይተው ይማሩ ብላ ከርእሰ መምህሩ ጋር የተሟገተችው ራሷ መምህርቷ ናት። ጥበቃው "እትዬ፣ ይሄ ነገር እባብ ይጠራል" ሲላት ስቃበት ነበር።

"እንዳትንቀሳቀሺ፣ የኔ እናት" አለች መምህርቷ።

"እኔ መች ተንቀሳቀስኩ? የሚንቀጠቀጡት እርስዎ ነዎት፣ ቲቸር።"

ከኋላ የቆሙት ልጆች አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሹ። እባቡ ምላሱን ብልጭ እያደረገ ወደ ክርኗ ወጣ፤ እዚያ ቆየ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ተፈታና ሣሩ ውስጥ ገባ። ልጅቷ እጇን እንደ ዘረጋች ቀና ብላ አየቻት።

"ቲቸር፣ አሁን ልፍራ?"