የልብስ ሰፊው ጉበት

አስተማሪዋ መዋሸት አይሆንላትም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከስብሰባ ለመቅረት ራሴን አሞኛል ብላ ነበር፤ ከዚያ ሳምንቱን ሙሉ ራሷን በእውነት አመማት።

ነገሩ የጀመረው አባቷ፣ ልብስ ሰፊው፣ ሆዴን ነፋኝ ብሎ ሆስፒታል በሄደ ቀን ነው። አጅባው ሄደች። ሐኪሙ አባትየውን ሲጨርስ እሷም አልፎ አልፎ ከቀኝ ጎድኗ ሥር የሚከብዳትን ነገር እግረ መንገዷን ታየች።

ውጤቱን የተቀበለችው እናቷ ናት። በእነሱ ቤት ክፉ ውጤት ለበሽተኛው አይነገርም። ቤተሰብ ይሰማል፣ ቤተሰብ ጓዳ ገብቶ ያለቅሳል፣ በሽተኛው ግን ጨጓራ ነው ይባላል። አያቷም፣ አጎቷም፣ ሁለቱ አክስቶቿም የሞቱት በጨጓራ ነው።

እናቷ ሁለቱን ፖስታዎች በቦርሳዋ እንደያዘች ልጇን ወደ ጓዳ ጠርታ በሩን ዘጋች።

«አባትሽን የጉበት ካንሰር ይዞታል» አለቻት። «ብርቅ የሆነ ዓይነት ነው አሉ። ሆድ ይፍጀው።»

አስተማሪዋ ክው አለች። በዚያ ሰዓት ስለ ራሷ ውጤት መጠየቅ አሳፈራት፤ ኋላም ያነሳላት አልነበረም።

እናትየው አስባ ጨርሳለች። ሰውየው ለራሱ ብሎ ሐኪም ቤት አይመላለስም፤ ቢያውቅ ደግሞ ድንጋጤው ይቀድመዋል። ለልጁ ሲል ግን እሳት ይገባል። ስለዚህ የታመመችው ልጅቷ ናት ይባላል። እሱ ጉበቱን ቆርሶ ሊሰጣት ይመረመራል፤ በዚያ ሰበብ የራሱ በሽታ ይታያል። በቀዶ ጥገናው ቀን የእሱ ክፉው ክፍል ወጥቶ የእሷ ጤነኛ ቁራጭ ይገባለታል። ሰጠሁ ብሎ ይነሳል፤ የተቀበለው ግን እሱ ይሆናል።

«እኔ እኮ ማስመሰል አልችልም፣ እማዬ» አለች።

«ዝም ብለሽ ተኚ። የቀረውን እኛ እንችላለን።»

እናም ካርዱ በእሷ ስም ወጣ። ደሟ ተቀዳ፣ ጠባብ የምርመራ መሣሪያ ውስጥ ገብታ ትንፋሽሽን ያዢ ተባለች፣ ረጅም መርፌ በጎኗ ገብቶ ከጉበቷ ናሙና ወሰደ። ይህኛው እንኳ በዛ ስትል፣ እናቷ ውሸት ከተዋሸ አይቀር በወግ መዋሸት አለበት አለች። አባቷ ይህን ሁሉ ጊዜ ኮሪደር ላይ ቁጭ ብሎ ብርቱካን ይልጥ ነበር። የእሱ ምርመራ መቼ እንደተሠራ አስተማሪዋ አንድም ቀን አላየችም፤ እናቷ ጠዋት ጠዋት ይሠራል አለቻት።

ሐኪሙን አንድ ቀን ደፍራ ጠየቀችው። ይህ ዓይነቱ ካንሰር አብዛኛውን ጊዜ ጉበታቸው ጤነኛ የነበረ ወጣቶችን እንደሚይዝ፣ ቶሎ ከተደረሰበት ደግሞ ቆርጦ ማውጣት ዋነኛው መድኃኒት እንደሆነ ነገራት።

«አባቴ እኮ ስልሳ ሦስት ዓመቱ ነው» አለችው።

ሐኪሙ አሳለውና ወደ እናቷ ዞረ።

«ልቡ ወጣት ነው» አለች እናቷ።

ሐኪሙ እንደ ሕክምና ማስረጃ የተቀበለው ይመስል ራሱን ነቀነቀ።

ይህ ሐኪም ሌላም ጠባይ ነበረው። ስለ አባቷ ስትጠይቀው ስለ እሷ ይመልሳል። ምግብ ይበላልሻል ወይ፣ እንቅልፍስ ይወስድሻል ወይ ይላታል፤ ዓይኑንም ከእሷ ላይ አያነሳም። አስተማሪዋ ፊቷ ቲማቲም እየመሰለ አንድ ነገር ጠረጠረች፤ ለሚቀጥለውም ቀጠሮ አዲስ ቀሚስ አሰፋች። ቀሚሱ በወሩ ሰፋት። አባቷ አጠበበላት። ደግሞ ሰፋት፣ ደግሞ አጠበበ። በሦስተኛው፣ ፊቱን ከስፌት መኪናው ሳያነሳ፣ ጨርቁ ነው የሚለጠጠው አላት።

እሷ ግን አንጀቷ ያረረው በጸጸት ነው። ልጄን ልጄን እያለ ሲያለቅስ፣ በውሸቷ የምታስለቅሰው መስሏት ትራሷ ውስጥ ትደበቃለች። እሱ ደግሞ ያለቅስና በሁለት ሰው ልክ ይበላል። በአራተኛው ወር እሷ መርፌ ስታክል እሱ ቀበቶው አልደርስ አለው። ካንሰር እንዲህም ያደርጋል ለካ፣ ብርቅ መባሉ ለዚህ ነው ብላ አሰበች።

በቀዶ ጥገናው ጠዋት ሁለቱም የሆስፒታል ገዋን ለብሰው ጎን ለጎን በሚገፋ አልጋ ተወሰዱ። አባቷ የገዋኑን ማሰሪያ እያየ፣ ይህን የሰፋ ሰው መቀስ ሊነካ አይገባውም እያለ አጉረመረመ። በሩ ላይ ሲደርሱ እጇን ያዘ።

«ካነሰሽ ሙሉውን ይውሰዱልሽ» አላት።

ስትነቃ ሆዷ ከዳር እስከ ዳር ተሰፍቷል። ሐኪሙ ክፉው ነገር እስከ ዳሩ ተጠርጎ ወጥቷል ሲል እናቷ መሬት ላይ ተቀመጠች። አባቷ አጠገቧ ባለው አልጋ ላይ ገዋኑን እንደለበሰ ሾርባ እየጠጣ ነበር።

በስድስተኛው ቀን፣ ሁለቱ ብቻቸውን ሲሆኑ፣ አስተማሪዋ መሸከሙ አቃታት። ዓይኗን አንሶላው ላይ ተክላ ጀመረች።

«አባዬ፣ አራት ወር ሙሉ ዋሽቼሃለሁ። የታመምከው አንተ ነበርክ። እኔ ምንም የለኝም፤ ደህና ነኝ።»

አባቷ ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ።

«አዎ» አላት። «አሁን ደህና ነሽ።»

ፀሐዩ ፊቷ ላይ ወድቆ ነበርና፣ ከአልጋው ዘሎ ወርዶ መጋረጃውን ሊስብላት ሁለት እጁን ወደ ላይ ዘረጋ። ያ ክፉ ማሰሪያ ተፈታ፤ ገዋኑም ከፊቱ ተከፈተ።

ሆዱ ላይ እንኳን ስፌት፣ ጭረት አልነበረም።