የሠላሳ ሁለተኛው ጠዋት መርዶ

በየጠዋቱ የወንድሟን ኮቴ መስማት ትፈራለች።

አምና መኪና ተገልብጦበት ጭንቅላቱን ከተመታ ጀምሮ የድሮውን አንድም አልረሳም፤ አዲስ ነገር ግን አያድርለትም። ሐኪሙ የሁለት እጆቹን ጣቶች አቆላልፎ አሳይቷታል። "ትዝታ የሚጸናው የአንጎል ሴሎች እንዲህ ሲያያዙ ነው። የሱ አንጎል አዲስ ነገር ማያያዝ አቁሟል።"

እናታቸው ከሞተች ወዲህ ጠዋት ጠዋት ጥቁር ልብሷን አይቶ "ማን ሞተ?" ይላታል። ትነግረዋለች። እሱም ገና ዛሬ እንደሰማ ሰው መሬት ላይ ይወድቃል፣ ደረቱን ይደቃል። ሠላሳ አንድ ጠዋት አረዳችው። ትናንትማ ትንፋሹ ጠፍቶ ጎረቤቶች ውሃ እየረጩ ነው የመለሱት። ዛሬ ብትደግመው የሚሞትባት መሰላት።

ስለዚህ ሰው ምን ይለኛል ሳትል ጥቁሩን አውልቃ ሣጥን ውስጥ ቆለፈችበት። ቢጫ አበባ ያለበት ቀሚሷን ለበሰች። "እማዬስ?" ካላት "ፀበል ሄዳለች" ልትለው፣ ድምፅዋ እንዳይሰበር ደጋግማ ተለማመደች።

የመኝታ ቤቱ በር ሲጥ አለ። የሣጥኑን ቁልፍ ከኋላዋ ደበቀች።

"እንዴት አደርክ?" አለችው ፈገግ ለማለት እየሞከረች።

እሱ ቀሚሷን ከላይ እስከ ታች አየው። ዓይኖቹ እንባ አቀረሩ።

"እታለም፣ የእማዬ አርባ እንኳን ሳይወጣ ጥቁርሽን አወለቅሽ?"