በውሃ የተቀመመ

በፋብሪካው ግቢ አንድ በርሜል እንደሚከፈት በድምፅ ማጉያ ተበሰረ። ውስጡ ያለው፣ ኬሚስቷ የሚከረፋውንና ፕላስቲክ የሚበላውን አሮጌ ፈሳሽ ትታ በውሃ የቀመመችው የአረም መድኃኒት ነው ተባለ። እሷ ግን ሥራ አስኪያጁ «ያንቺ ዘዴ ጊዜ ይፈጃል» ብለው በአሮጌው ፈሳሽ እንዳሠሩት ታውቃለች።

«ትንፍሽ ብትዪ ላብራቶሪሽን መጋዘን ነው የማደርግልሽ» ሲሉ በጆሮዋ ሹክ አሏት።

ክዳኑ ሲነሳ የሁሉም ዓይን እንባ አቀረረ።

«ምንም አይሸትም!» አሉ የክብር እንግዳው እያስነጠሱ።

«እንዲያውም ዝናብ ዝናብ ይላል» አሉ ምክትላቸው አፍንጫቸውን በመሀረብ እንደያዙ።

እንግዳው ወደ ኬሚስቷ ዞሩ። «በውሃ ነው አይደል፣ ልጄ?»

ኬሚስቷ ለሻይ ከተደረደሩት የፎም ኩባያዎች አንዱን አንስታ ከበርሜሉ ቀዳችና በሁለት እጇ አቀረበችላቸው።

እንግዳው ኩባያውን ለፎቶ ከፍ እንዳደረጉ ቂጡ ቀልጦ ፈሳሹ ጫማቸው ላይ ተንዠቀዠቀ።