ሬዲዮን ስላጫት

ነርሷ የፀጉር መላጫ ማሽኗን ይዛ ስትገባ፣ «ተዪው፣ የራሴን ልጅ እኔ እላጫታለሁ» አልኳት። አርባ ዓመት የሰው ጭንቅላት ላይ የዋልኩ ፀጉር ቆራጭ ነኝ። አላመነችኝም መሰለኝ፣ ሐኪሙን ጠይቃ ተመለሰች። «ጭረት እንዳይኖር ብቻ» አለች።

ልጄን ወንበር ላይ አስቀምጬ ፎጣ አንገቷ ላይ አሰርኩ። ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው፣ አስተማሪ ናት። ቤት ውስጥ የምንጠራት «ሬዲዮ» እያልን ነው፤ አፏን ከፈታች ጀምሮ ተዘግታ አታውቅም። በልጅነቷ ፀጉሯን ሳስተካክላት እንኳ ስለ ጎረቤት ድመት ታወራ ነበር። «ሬዲዮ፣ ምላጭ ይዣለሁ፣ ዝጊ» እላታለሁ። ያኔ ብቻ ጸጥ ትላለች።

ከሁለት ዓመት በፊት ጭንቅላቷ ውስጥ ዕጢ ሲገኝ፣ «ክፉ አይደለም፣ ካንሰር አይደለም» አሉን። እየተሳሳቅን ወጣን። በየስድስት ወሩ ትታይ ተብሎ ነበር። «ክፉ ካልሆነ ምን ያመላልስሻል?» ያልኩት እኔ ነኝ። ማንም አይደለም፣ እኔ ነኝ። ዕጢው ብዙ የማያጋጥም ዓይነት ኖሯል፤ ጎኑ ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት አበጀ። ከረጢቱ እያደገ ሄዶ ንግግር የሚመጣበትን ቦታ ተጫነው። ዛሬ ጭንቅላቷን ከፍተው ያወጡታል። ሐኪሙ አልዋሸኝም፤ ስትነቃ ልታወራም፣ ጨርሶ ላታወራም ትችላለች።

ፀጉሯን በመቀስ አሳጥሬ፣ አረፋውን ቀብቼ ከግንባሯ ጀመርኩ። ከምላጩ በቀር ድምፅ የለም። ግማሹን ጨረስኩ።

«አውሪ እንጂ» አልኳት።

ቃል እየፈለገች ቆየች። ከጥቂት ወር ወዲህ እንዲህ ናት።

«አባዬ… ምላጭ ይዘሃል እኮ።»

ምላጩን አጥፌ መስኮቱ ላይ አስቀመጥኩና ወንበር ስቤ ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ።

«ይኸው፣ አልያዝኩም።»

ሳቀች። ከዚያ ጀመረች፤ ስለ ተማሪዎቿ፣ ጥርሱ ስለወለቀው ልጅ፣ ስለ ርዕሰ መምህሩ ጫማ። ቃሉ ሲጠፋባት ጉልበቴን መታ መታ ታደርጋለች፣ ሲመጣላት ትቀጥላለች። ያለችውን ሁሉ አልያዝኩትም፤ ድምጿን ነበር የምሰማው።

ነርሷ በሩን ገፋ አድርጋ፣ «አባባ፣ አልጨረሱም እንዴ?» አለችኝ።

«ገና ነው» አልኳት።

ልጄ ግማሽ ራሷን ተላጭታ፣ በቀረው ግማሽ ላይ አረፋው እየደረቀ፣ ታወራለች።