ወረቀቷ ይታይ

ውጤት በወጣ በሳምንቱ ልጅቷን ከወንዙ አወጧት። መውደቋን ያየችው በሰው ስልክ ነው አሉ። ስልኩን ለባለቤቱ መለሰች፣ አመሰገነች፣ ሄደች።

የከተማ አውቶቡስ ሹፌሩ ከቀብሩ ማግስት ሥራ ገባ። ትምህርት ቤቱ ጋ ያለው ፌርማታ ሲደርስ ቆሞ በሩን ከፈተ። የሚወርድም የሚሳፈርም አልነበረም። ተሳፋሪው ሁሉ ነገሩን ሰምቷልና «እንሂድ እንጂ» ያለ አልተገኘም። ሹፌሩ በመስታወቱ የኋላውን ወንበር ሲያይ ቆየ። ከዚያ በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው፤ የሰው እጅ እንዳይዝ እንደሚፈራ ሰው።

ከዚያ ቀን ወዲህ እዚያ ፌርማታ ሳይቆም አልፎ አያውቅም።

ቤቱ ውስጥ ጨዋታ ቀርቷል። ሚስቱ ምሳ ስታቀርብ አንድ ሳህን ይዛ ወደ ውስጠኛው ክፍል ትገባለች። ሳህኑ ሳይነካ ይመለሳል። አመሻሽ ላይ ጎረቤታቸው ነርሷ ከሥራ ስትመለስ ጎራ ትላለች። ሁለቱ ሴቶች ጎን ለጎን ተቀምጠው ግድግዳ ያያሉ። ሹፌሩ ነርሷ ስትገባ አንድ ሰበብ ፈልጎ ይወጣል። ዓይኗን ማየት አቅቶታል።

የእረፍት ቀኑ ሲደርስ ወደ ፈተናዎች መሥሪያ ቤት ሄደ። ዳይሬክተሩ ክራቫቱን አጥብቆ ያሰረ፣ ጨዋ ሰው ነው። በዚያ ዓመት እርማቱ ሙሉ በሙሉ በማሽን እንዲሆን የወሰነው እሱ ነበር። በቴሌቪዥን ቀርቦም ኮርቶበታል።

«የአንዲት ተፈታኝ ወረቀት በሰው ዓይን ይታይልኝ» አለ ሹፌሩ፣ የመፈተኛ ቁጥሯን እየነገረው።

«ልጅዎ ናት?»

«እጄ ላይ ነው ያደገችው።»

ዳይሬክተሩ ኮምፒውተሩን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ነፍስ ይማር። ግን ይስሙኝ፤ ማሽን አይሳሳትም።»

«ማሽኑን የሚያጎርሰው ሰው አይደለም እንዴ?»

«ቢታይስ፣ እሷን አይመልስልዎትም።»

«አውቃለሁ» አለ ሹፌሩ። «ቢሆንም ይታይ።»

አልታየም። በሌላው እረፍቱ ሄደ፤ ዳይሬክተሩ ስብሰባ ላይ ናቸው ተባለ። ደግሞ ሄደ፤ ዘበኛው ገና ከሩቅ ሲያየው በሩን ገጠም አደረገው።

ወሬው ግን አውቶቡሱን ተሳፍሮ ከተማውን ዞረ። «ውጤቷን የባለሥልጣን ልጅ ወስዳዋለች» አለች አንዲት ነጋዴ። «ያ ክራቫታሙ ወንድም የለውም እንዴ? ልጆች አሉት ሲሉ ሰምቻለሁ» አለ ከኋላዋ የተቀመጠ ጡረተኛ። ሁሉም በመስታወቱ ሹፌሩን አዩ። ሹፌሩ መንገዱን አየ። ይህን ያህል እርግጠኛ ያደረገው ምን እንደሆነ አንድም ሰው አልጠየቀውም። ሐዘን ላይ ያለን ሰው ማን ደፍሮ ይጠይቃል?

ወላጆች ተሰባሰቡ። «ወረቀቷ ይታይ» የሚል ጽሑፍ በየአጥሩ ወጣ። አለቃው ጠርቶት፣ «ወንድሜ፣ አንተ የመንግሥት ሠራተኛ ነህ፤ አርፈህ መሪህን ጨብጥ» አለው።

ማታ ሚስቱ ለቅሶዋን ዋጥ አድርጋ፣ «ነገሩ ከተረጋገጠ ምን እንደምናጣ አስበኸዋል?» አለችው።

«አስቤዋለሁ።»

«ሌላ የለንም እኮ።»

«አውቃለሁ።»

ነርሷም በበኩሏ ለመነችው። «ተው ወንድሜ፤ የሞተች ላትመለስ በቁምህ አትቃጠል።» እሱ ጫማውን እያየ ራሱን ነቀነቀ።

በመጨረሻ የምክር ቤቱ የትምህርት ኮሚቴ ዳይሬክተሩን ጠራው። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ሹፌሩና ሚስቱ ፊት ተቀመጡ፣ ነርሷ ከጎናቸው። ከበስተኋላቸው አንዲት ልጅ ጥቁር ሻርፕ እስከ ቅንድቧ ስባ አንገቷን ደፍታለች። የሟቿ የክፍል ጓደኞችም በየቦታው ነበሩ፤ አንዳቸውም ቀና አላሉም።

ሰብሳቢዋ መነጽሯን አውልቃ ጠየቀች። «ማሽኑ ካረመው ላይ የተወሰነውን መምህራን በእጅ ያጣሩ ነበር። ዘንድሮ ለምን ቀረ?»

«ጊዜ ለመቆጠብ ነው፣ ክብርት ሰብሳቢ።»

«ለማን ነው የቆጠባችሁት?»

ዳይሬክተሩ ውኃ ጠጣ።

«ውሳኔውን ማን ፈረመ?»

«እኔ ነኝ።»

ሁለት የሒሳብ መምህራን ከመሥሪያ ቤቱ የመጣውን የታሸገ ፖስታ እዚያው ከፍተው የሟቿን ወረቀት አረሙ። ከሁለቱ ትልቁ ወረቀቱን ይዞ ተነሣ። «አልፋለች» አለ። «እንዲያውም እንዲህ ያለ ወረቀት ካየሁ ቆይቻለሁ።»

ነርሷ አፏን በመዳፏ ያዘች። የሹፌሩ ሚስት አቀፈቻት።

ዳይሬክተሩ የመሥሪያ ቤቱን መዝገብ ገልጦ ተናገረ። «ወረቀቶቹ ወደ ማሽኑ ሲገቡ ተዛብተዋል። የእሷ ውጤት አጠገቧ ለተቀመጠች ተፈታኝ ተመዝግቧል። ስህተቱ የመሥሪያ ቤቴ ነው፤ ኃላፊነቱም የኔ ነው።»

«ለማን?» አለ አንድ ድምፅ ከኋላ። «የማን ልጅ ናት? የወንድምህ ናት? ተናገር!» አዳራሹ ተነሣ። ሰብሳቢዋ ጠረጴዛውን ደበደበች፤ የሰማት የለም። ሰው ወደ ዳይሬክተሩ ተገፋ።

ሹፌሩ ወደ ኋላ ዞሮ እጁን ዘረጋ። ጥቁር ሻርፕ የለበሰችው ልጅ እጁን ይዛ ተነሣች። የተነሣው ሰው አንድ በአንድ ተቀመጠ። ልጅቷ ዳይሬክተሩንም ሰብሳቢዋንም አላየችም፤ ወደ ነርሷ ዞረች።

«እትዬ፣ ያለፍኩት በልጅሽ ውጤት ነው፤ አባዬን አትቀየሚው።»